ደጅ የሌለው ከተማ፦ የተነሣውን ክርስቶስ በችግረኛው ሰው ስለማግኘት ሂሳዊ ዳሰሳ

ከትንሣኤ በኋላ ክርስቶስን ያዩት ሰዎች መጀመሪያ አላወቁትም። መግደላዊት ማርያም በመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ስታየው አትክልት ጠባቂ መሰላት። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱት ሁለቱ ደቀ መዛሙርት አብሯቸው የሚጓዘውን ሰው የኢየሩሳሌምን ወሬ ያልሰማ እንግዳ አድርገው ቆጠሩት። በጥብርያዶስ ባሕር ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ ያደሩት ሐዋርያትም ማለዳ ከዳር ቆሞ የጠራቸውን አልለዩትም። ማንነቱ የታወቀው በኋላ ነው፤ ማርያምን በስሟ ሲጠራት፣ ለመንገደኞቹ እንጀራ ሲቆርስላቸው፣ የደከሙት ዓሣ አጥማጆች በቃሉ የጣሉት መረብ በዓሣ ሲሞላላቸው።

የማቴዎስ ወንጌል 25ኛ ምዕራፍም ስለ ፍርድ ቀን ሲናገር ይህንኑ አለማወቅ ይደግመዋል። የተራበውን ያበሉት፣ የታረዘውን ያለበሱት፣ የታመመውንና የታሰረውን የጠየቁት ጻድቃን ንጉሡ ሲያመሰግናቸው ይደነግጣሉ፤ መቼ እንዳዩት ይጠይቃሉ። ያልረዱትም ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። በሁለቱም ወገን ክርስቶስን ለይቶ ያወቀ የለም። ልዩነቱ ያለው የተቸገረው ሰው ፊታቸው በቆመ ጊዜ ባደረጉት ነገር ላይ ነው።

የሃይማኖት ትምህርት እነዚህን ሁለት ምንባቦች ለየብቻ ማንበብ ለምዷል። የኤማሁስ ታሪክ የትንሣኤ ሰሞን ንባብ ይሆናል፤ የማቴዎሱ ደግሞ የምጽዋት ስብከት መነሻ። ይህ ዳሰሳ አንድ ላይ ያነባቸዋል። የኤማሁስ መንገደኞች እንግዳውን ወደ ቤታቸው ያስገቡት ጌታቸው መሆኑን ስላወቁ አልነበረም፤ ቀኑ ስለመሸ ነው። ማወቁ ከማስገባቱ በኋላ መጣ። እንዲህ ከሆነ የተነሣውን ክርስቶስ በዕለት ተዕለት ኑሮ የማግኘት ነገር በስሜት ወይም በተመስጦ ብቻ የሚያልቅ አይደለም፤ እንግዳው የሚመሽበትና የሚገባበት ደጅ ይፈልጋል። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ይህን ደጅ ለዘመናት ጠብቆ ያኖረ ሕዝብ በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት እንደምትገኘው እንደ ሎረንስቪል ባለ ደጅ በሌለው ከተማ ሲሰፍር ምን ይገጥመዋል?

የመሸበት እንግዳ

በኢትዮጵያ ገጠር ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከደጅ ቆሞ የእግዜር እንግዳ ነኝ የሚል መንገደኛ ማደሪያ አይከለከልም ነበር። ማን እንደሆነ የሚጠየቀው እግሩ ታጥቦ፣ እህል ቀምሶ፣ እሳት ዳር ከተቀመጠ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከኤማሁሱ ጋር አንድ ነው፤ መጀመሪያ ማስተናገድ፣ ቀጥሎ ማወቅ።

ልማዱን ያጸናው የቤተ ክርስቲያን ትረካ ነው። ከሁሉም የታወቀው የአብርሃም ታሪክ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ተቀበለ። የኢትዮጵያ ትውፊት ግን አንድ ነገር ይጨምርበታል። አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበርና ሰይጣን በመንገዱ ላይ ቆሞ፣ ራሱን የተደበደበ አስመስሎ፣ አብርሃም ጠባዩ ተለውጧል እያለ መንገደኛውን ሁሉ መለሰበት። አብርሃም ሦስት ቀን ሳይበላ ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ ሥላሴ ወደ ድንኳኑ መጡ። ታሪኩ ሐምሌ 7 ቀን በሥላሴ በዓል ይነገራል። ተራኪው ለዘመናችንም የሚተርፍ ነገር አይቷል፤ ደግ ሰው ስለኖረ ብቻ እንግዳ አይገኝም፤ መንገዱ ክፍት መሆን አለበት።

ጥቅምት 14 በስንክሳር የሚታሰበው የገብረ ክርስቶስ ታሪክ ደግሞ ጉዳዩን ወደ ቤት ውስጥ ያስገባዋል። ትውፊቱ እንደሚተርከው የንጉሥ ልጅ የነበረው ገብረ ክርስቶስ በሠርጉ ሌሊት ጫጉላውን ትቶ ወጣ፤ በሰው ሀገር ነዳይ ሆኖ ኖረ፤ በመጨረሻም ተመልሶ በገዛ አባቱ ደጅ ተኛ። ወላጆቹ በየቀኑ ሲያልፉ ያዩታል፤ ግን አያውቁትም። ማን እንደነበረ የተገለጠው ከሞተ በኋላ በተገኘው ጽሑፍ ነው። ሰሚውን የሚያስለቅሰው የወላጆቹ ክፋት አይደለም፤ ክፉ አልነበሩም፤ ፍርፋሪውን አልከለከሉትም። አጠገቡ ቁጭ ብለው ስሙን ግን አልጠየቁትም።

በተአምረ ማርያም የሚገኘው የበላኤ ሰብእ ታሪክ ከሁለቱ ይለያል። 78 ነፍስ የበላ ሰው በመንገድ ላይ በለምጽ የተመታ የተጠማ ሰው አገኘ። የተጠማው ሰው ደጋግሞ ለመነው፤ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ልቡ ራርቶ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ሚዛን ላይ ያቺ ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ በላይ መዘነች። ታሪኩ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል በየደብሩ ይሰማል። ሌላ ምንም የማያውቅ ምዕመን እንኳ ጥርኝ ውኃን ያውቃል።

ትረካዎቹ በቃል ብቻ አልቀሩም፤ ቦታና ቀን ተሰጥቷቸዋል። ነዳያን በደጀ ሰላም ይቀመጣሉ፤ ወደ ቅዳሴ የሚገባ ሁሉ በእነሱ መካከል ያልፋል። ሰንበቴ ከቅዳሴ በኋላ ለድኃው ይቆረሳል። ዝክርና ጽዋ በየወሩ በስም የታወቀ ቀን አላቸው። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያደገ ሰው ችግረኛን ፍለጋ መውጣት አላስፈለገውም። ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም በሄደ ቁጥር ችግረኛውን ሳያይ ማለፍ አይችልም ነበር።

የደጁ ድካም

ይህን ሥርዓት በናፍቆት ብቻ ማወደስ ግን ሂስ አይሆንም። የራሱ ድካም አለው።

በበላኤ ሰብእ ታሪክ ውስጥ የተጠማው ሰው ውኃውን ከቀመሰ በኋላ ከትረካው ይወጣል። ስሙ አልተነገረም፤ ቁስሉ ይዳን አይዳን አልታወቀም። የአድማጩ ሐሳብ ሁሉ በሰጪው ነፍስና በሚዛኑ ላይ ነው። የተአምሩ ዓላማ የአማላጅነትን ኃይል ማሳየት ስለሆነ ይህ በራሱ ነቀፋ አይደለም። ነገር ግን ለዘመናት ሲደጋገም ችግረኛውን የሌላው ሰው መጽደቂያ አድርጎ የማየት ዝንባሌ ሊያሳድር ይችላል። እንዲህ የሚያስብ ሰው በደጀ ሰላም ያለው ነዳይ ለዓመታት እዚያው ቢቀመጥ ምንም አይቆረቁረውም፤ እንዲያውም ነዳዩ ከስፍራው ቢጠፋ ምጽዋቱን የት ይሰጣል?

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል አደጋ በማቴዎስ 25 አተረጓጎም ላይም አለ። ሊቃውንት ታናናሾቹ ወንድሞች እነማን እንደሆኑ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ አንዳንዶች ስደትና ረሃብ የደረሰባቸው የክርስቶስ መልእክተኞች ብቻ ናቸው ይላሉ፤ ሌሎች የተቸገረውን ሰው ሁሉ ያካትታሉ። ክርክሩ ዋጋ ቢኖረውም አንድ ነገር ይስታል። ጻድቃኑ የረዷቸው ሰዎች በየትኛው ወገን እንደሚመደቡ አልመረመሩም። ክርስቶስን ለማየት ብሎ በችግረኛው ፊት አሻግሮ የሚመለከት ሰው ፊት ለፊቱ ያለውን ሰው ሳያይ ያልፋል፤ ያን ጊዜ ክርስቶስንም ያልፈዋል።

ይህን ከጥንት አባቶች ሁሉ አጥብቆ የተናገረው ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ስለ ዕብራውያን መልእክት የጻፈው ድርሳኑ ወደ ግዕዝ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ ሊቃውንት ዘንድ ሲጠና ኖሯል። በአንጾኪያ ስለ ማቴዎስ ወንጌል በሰበከው 50ኛ ስብከቱ ምዕመናኑ በመቅደስ ውስጥ የክርስቶስን ሥጋ በሐር እያከበሩ በውጭ በብርድ የሚንቀጠቀጠውን ያንኑ ክርስቶስ እንዳይንቁት አስጠንቅቋል። አፈወርቅ የመሠዊያውን ክብር አላቃለለም። መሠዊያውንና ደጁን አንድ አካል አደረጋቸው፤ በአንዱ የሚሰግድ በሌላው ማለፍ እንዳይችል።

ከግሸን መንገድ የተመለሱት ምዕመን

የኢትዮጵያ የቅርብ ዘመን ታሪክ ለዚህ ትምህርት ከማንኛውም ድርሳን የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ሰጥቷል። በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ አበበች ጎበና ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ለመሳለም ወሎ ሄዱ። ግሸን በትውፊቱ የክርስቶስ ግማደ መስቀል ያረፈበት ተራራ ነው። ያን ዘመን በወሎ ረሃብ ነበር። በመንገዳቸው ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። የያዙትን ዳቦና ጠበል ለተራቡት አካፍለው ሁለት ሕፃናት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የተጠለሉት ልጆች 21 ደረሱ። ትዳራቸው ፈረሰ፤ ከዘመድ ከወዳጅ ተቃቃሩ፤ እንጀራ፣ ዳቦና ቆሎ እየሸጡ ልጆቹን አሳደጉ።

በእነዚህ እውነታዎች ውስጥ ሁለት ነገሮች በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። አንደኛው መንገዱ ነው። ወይዘሮ አበበች የመስቀሉን ቅዱስ ቦታ ፍለጋ ወጥተው የተሰቀለውን በመንገድ ዳር አገኙት። ጉዟቸው አልተሰናከለም፤ ግቡን የመታው እዚያው ነው። ሁለተኛው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በስማቸው የተቋቋመው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር በመጠለያ ብቻ አልቆመም፤ ወደ ትምህርት፣ ወደ ሙያ ሥልጠና፣ እናቶችን በራሳቸው ገቢ ወደ ማስቻል ተሻገረ። እዳዬ እያሉ ይጠሯቸው የነበሩ ልጆች በደጅ የተቀመጡ ነዳያን ሆነው አልቀሩም፤ በስም የታወቁ ልጆች፣ ቀጥሎም ሌላውን የሚያሳድጉ ሰዎች ሆኑ። ጥርኝ ውኃዋ እዚህ ላይ የጎደላትን አገኘች፤ የተጠማው ሰው ከትረካው አልወጣም። ወይዘሮ አበበች ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘነላቸው ከሃይማኖታቸው ውጭ ያለውም ሕዝብ ጭምር ነበር።

ቢንያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. የጀመሩት የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ይህንኑ መንገድ በሌላ በኩል ያሳያል። ከጎዳና የሚያነሣቸው ሰዎች ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ መናገር የማይችሉ ናቸው። የማዕከሉ መርሕ ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው ይላል። መርሑ የክርስቶስን ስም አለመጥራቱ አንዳንድ አማኝን ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ማቴዎስ 25ን በጥሞና ለሚያነብ ግን መርሑ የዚያ ምዕራፍ ታማኝ ፍቺ ነው፤ በዚያ ፍርድ ላይም ጻድቃኑ ስሙን ሳያውቁ ነው ያገለገሉት።

የጆርጂያ ምድር የራሱ ወንጌል

ሎረንስቪል ከአትላንታ መሃል በስተሰሜን ምሥራቅ 30 ማይል ያህል ርቃ የምትገኝ የግዊኔት ካውንቲ መቀመጫ ናት። ኢትዮጵያዊው አንባቢ አትላንታን ሲሰማ የ1996 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክን፣ ፋጡማ ሮባንና ኃይሌ ገብረሥላሴን ያስታውሳል። ምድሪቱ ግን በዚህ ዳሰሳ ጉዳይ ላይ የራሷ የቆየ ምስክርነት አላት።

በከተማዋ መሃል አደባባይ ላይ በ1885 እ.ኤ.አ. የተሠራው አሮጌ ፍርድ ቤት ዛሬም ቆሟል። ሚያዝያ 7 ቀን 1911 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ሄል የተባለ ጥቁር ሰው በዚህች ከተማ ያለ ፍርድ በመንጋ እጅ ተሰቀለ። ሰዎች ከሬሳው አጠገብ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ፤ ፎቶግራፉም ፖስት ካርድ ሆነ። ይህን ያደረጉት በየእሑዱ ስለ መስቀል የሚዘምሩ ሰዎች በሚኖሩባት ከተማ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ የነገረ መለኮት ምሁሩ ጄምስ ኮን ስለ መስቀልና ስለ መሰቀያው ዛፍ ባሳተሙት መጽሐፍ የአሜሪካ ክርስቲያኖች በዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን ሰው ማየት ሳይችሉ የተሰቀለውን ክርስቶስ ሊያዩ እንደማይችሉ ተከራከሩ።

ከኮን በፊት ይህንኑ ያለ አንድ የጆርጂያ ነጭ ሰባኪ ነበር። ክላረንስ ጆርዳን የአዲስ ኪዳንን ግሪክኛ በዶክትሬት ደረጃ የተማረ ሰው ሲሆን በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪከስ ከተማ አጠገብ ኮይኖኒያ የተባለ እርሻ መሠረተ። ጥቁርና ነጭ በአንድ ማዕድ የሚበሉበት እርሻ ስለነበር አካባቢው ሸቀጥ ከለከለው፤ በ1950ዎቹም ጥይትና ቦምብ ተወረወረበት። ጆርዳን ኮተን ፓች በሚባለው የወንጌል ትርጉሙ ታሪኩን በሙሉ ወደ ጆርጂያ አመጣው። ኢየሩሳሌም አትላንታ ሆነች። ቤተ ልሔም ደግሞ ጌይንስቪል ሆነች፤ ከሎረንስቪል በመኪና አንድ ሰዓት የማይፈጅ ከተማ። ስቅለቱንም በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ሰው ዘንድ በሚታወቀው ስም፣ በመንጋ እጅ እንደ መሰቀል አድርጎ ተረጎመው።

ጆርዳን የትንሣኤው ማስረጃ ከባዶው መቃብር ይልቅ የተለወጡት ደቀ መዛሙርት መሆናቸውን ያስተምር ነበር። የኦርቶዶክስ ሊቅ ሁለቱን እንዲህ ማነጻጸሩን አይቀበልም፤ መቃብሩ ባዶ ካልሆነ ደቀ መዛሙርቱን የሚለውጣቸው ነገር የለምና። ሆኖም ጆርዳን ያነሣው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል፦ የጆርጂያ ሰው ባዶውን መቃብር በምን ሊያውቅ ይችላል? የእሱ መልስ የጋራ ማዕድና የጋራ ቤት ነበር። በዚያ እርሻ የተጀመረው ለድኃ ቤት የመሥራት ሐሳብ በ1976 እ.ኤ.አ. ሚላርድና ሊንዳ ፉለር የመሠረቱትን ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ወለደ። የጆርጂያው ልጅ ጂሚ ካርተር ለዓመታት መዶሻ ይዘው የሠሩበት ድርጅት ይህ ነው። በአትላንታ ያለው የካርተር ማዕከልም በአማራ ክልል ትራኮማን ለማጥፋት ለረጅም ዘመን ሠርቷል። ስለዚህ በሎረንስቪል የሚኖር የጎጃም ወይም የጎንደር ሰው የገባበት ምድር ለሀገር ቤት ዘመዶቹ ዓይን የደከሙ ሰዎች ምድር ነው።

የተዘጋው መንገድ

በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ የግዊኔት ካውንቲ ነዋሪ 957,062 ነበር፤ የሎረንስቪል ደግሞ ከ30 ሺህ ይበልጣል። ከካውንቲው አራት ነዋሪዎች አንዱ ያህሉ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ነው። ከ1980 እ.ኤ.አ. የስደተኞች ሕግ በኋላ፣ ቀጥሎም በዲቪ ሎተሪ ወደ አትላንታ አካባቢ የመጡ ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ በክላርክስተንና በዙሪያዋ ሰፈሩ። ኑሮ ሲደላደል ብዙዎች ወደ ግዊኔት ወጥተው ቤት ገዙ።

ከተማው የተሠራው ለመኪና ነው። ማርታ የተባለው የአትላንታ ባቡር ግዊኔት አይደርስም፤ የካውንቲው መራጮች የሕዝብ ትራንስፖርት ማስፋፊያን በ2019፣ በ2020ና በ2024 እ.ኤ.አ. በድምፅ ጥለውታል። ሰው ከጋራዥ ወጥቶ ፓርኪንግ ላይ ይቆማል፤ ከፓርኪንግ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያኑም ብዙ ጊዜ ከሌላ እምነት የተገዛ ሕንፃ ወይም የተከራየ አዳራሽ ነው፤ ዙሪያው አስፋልት ነው። ቅዳሴው ሙሉ ነው፤ ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ ነጠላው ሁሉ አለ። በበሩ ላይ ግን የተቀመጠ ሰው የለም። በአብርሃም መንገድ ላይ የቆመው ከልካይ እዚህ የከተማ ፕላን ሆኖ መጥቷል።

በደጁ የተቀመጠ ሰው ስለሌለ ችግረኛ የለም ማለት ግን አይደለም። ጋዜጠኛው ብራያን ጎልድስቶን በ2025 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በአትላንታ ሙሉ ቀን እየሠሩ ቤት ያጡ አምስት ቤተሰቦችን ተከታትሏል። በመንገድ ዳር አይታዩም፤ በሳምንት ኪራይ በሚያድሩባቸው ሆቴሎች ውስጥ ናቸው። ጆርጂያ ሜዲኬይድ የተባለውን ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን ሙሉ በሙሉ ካላስፋፉት አሥር ግዛቶች አንዷ ስለሆነች ደመወዙ ለኢንሹራንስ የማይበቃ ሠራተኛ በሽታውን ይዞ ይውላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ግሪን ካርድ ያለው አብዛኛው ስደተኛ ለመንግሥት የጤና ድጋፍ አምስት ዓመት እንዲጠብቅ ያደርጋል።

ይህ ሕግ በአበሻው ቤት መልኩ የታወቀ ነው። ከግንቦት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አትላንታ ይበራል፤ እናትና አባት ልጅ ሊያርሱ፣ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ይመጣሉ። ልጆቻቸው ሁለት ሥራ ይሠራሉ፤ አንዱ በሌሊት፣ ሌላው በቀን። እናት ቋንቋ የላቸውም፤ መኪና አይነዱም፤ ጎረቤት ቡና ጠጡ አይላቸውም። በሀገራቸው የዕድርና የጽዋ ሰው የነበሩ እናት ሰኞን፣ ማክሰኞን፣ ረቡዕን ከግድግዳ ጋር ያሳልፋሉ። አልተራቡም፤ አልታረዙም። ሆኖም ከመጻጉዕ ሕመም አንዱን ታመዋል፤ 38 ዓመት በመጠመቂያው ዳር የተኛው ያ ሰው ለክርስቶስ የነገረው ችግር አልጋው ወይም እግሩ ሳይሆን ሰው ማጣቱ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የዓቢይ ጾምን አራተኛ እሑድ የሰጠችው ለዚህ ሰው ነው።

ሩቅ የሚደርስ እጅ፣ ቅርብ የማያይ ዓይን

የአትላንታ ኢትዮጵያዊ ለጋስ አይደለም ብሎ የሚከስ ሰው ውሸቱን ነው። በየወሩ ለቤተሰብ ይልካል። ሰው ሲሞት ዕድሩ ይነሣል፤ ጎፈንድሚ ይከፈታል፤ ሬሳ ወደ ሀገር ቤት እስኪሸኝ ድረስ የማያውቀው ሁሉ ያዋጣል። በ2017 ዓ.ም. ለመቄዶንያ ሕንፃ ማጠናቀቂያ በቀጥታ ስርጭት ገንዘብ ሲሰበሰብ በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊ ሌሊቱን እየቆየ ሰጥቷል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ምጽዋት ነው፤ ሊከበርም ይገባዋል።

ግን ይህ ልግስና ሁለት ጠባዮች አሉት። አንደኛ፣ የሚያየው በስልክ መስታወት ነው፤ ችግረኛው ሰጪውን አያየውም፤ ሰጪውም እጁን አይነካውም። ሁለተኛ፣ የሚነሣው በአብዛኛው ሞት ሲመጣ ነው። በሕይወት ሳለ ማንም ሳይጠይቀው የኖረ ሰው በሞተ ማግስት በመቶ የሚቆጠር ቀባሪ ያገኛል። በግዊኔት እስር ቤት ያለው ወጣት፣ ሐሳቡ ታውኮ ከቤት የማይወጣው፣ ሆስፒታል ተኝቶ ሐኪሙ የሚለው የማይገባው ሰው ግን እስኪሞት ድረስ በማንም ዝርዝር ላይ አይገኝም። ማቴዎስ 25 ስለ እስረኛና ስለ ሕመምተኛ ሲናገር የሚጠይቀው ገንዘብ አይደለም፤ ሄዶ መጠየቅን ነው።

የትንሣኤው ትረካ እዚህ ላይ ጠንከር ይላል። የተነሣው ጌታ ለቶማስ የታየው ቁስሉን ሳይደብቅ ነው፤ ሞትን ድል ያደረገው አካል የችንካሩን ምልክት ይዞ ቀርቷል። ቤተ ክርስቲያን ከፋሲካ በኋላ ያለውን ማክሰኞ በቶማስ ስም የሰየመችው ይህ እንዳይረሳ ነው ማለት ይቻላል። ቁስል የሌለው ክርስቶስን የሚፈልግ የተነሣውን አያገኝም። ሩቅ ያለውን ቁስል በገንዘብ መጎብኘት ይቻላል፤ ቅርብ ያለው ግን እጅ ይፈልጋል።

የከተማዋ ሌሎች ነዋሪዎች ቀድመው የከፈቱት ደጅም አለ። ሎረንስቪል ኮኦፐሬቲቭ ሚኒስትሪ የተባለው ድርጅት በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ድጋፍ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ምግብ ያድላል። ይህ ሰንበቴ ነው፤ ስሙና ቋንቋው ይለያል እንጂ። በእምነት ዝርዝር የማይስማሙ ምዕመናን የተራበን በማብላት የማይስማሙበት ምክንያት የለም። ደጁ የሌላ ሰው ስለሆነ የራሳችን አይደለም የሚል ቢኖር አብርሃምን ያስታውስ፤ እንግዶቹ ሲመጡ ሃይማኖታቸውን አልጠየቀም።

ደጁን መሥራት

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክርስቶስን በችግረኛው የማግኘትን ትምህርት ከስብከት ይልቅ በቦታ ስታስተምር ኖራለች፤ ያ ቦታ ደጀ ሰላም ነው። በስደት ቅዳሴው፣ ዜማው፣ ጾሙ፣ ታቦቱ ተሻግሯል፤ ደጁ ግን ባሕር አልተሻገረም። ደጅ በሌለበት አጥቢያ የሚያድግ ልጅ ስለ በላኤ ሰብእ ይሰማል እንጂ የተጠማ ሰው አያይም። ገብረ ክርስቶስን በሥዕል ያውቀዋል፤ ስሙን የጠየቀው አንድ ነዳይ ግን በሕይወቱ የለም። ጉድለቱ የምዕመናን ልብ መጨከን አይደለም፤ የሥርዓት ጉድለት ስለሆነ በሥርዓት ይታረማል።

በሎረንስቪልና በአካባቢዋ ያሉ ሰበካ ጉባኤያት፣ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ሽማግሌዎችና የዕድር ኃላፊዎች ይህን ሊያደርጉ ይችላሉ፤ አቅሙም አላቸው። ለሕንፃ ኮሚቴ እንደሚመረጥ ሁሉ ለጥየቃ ሰው ይመረጥ፤ የታመመ፣ የታሰረ፣ ብቻውን የዋለ ሰው ስም በየሳምንቱ ይመዝገብ፤ የሚሄድለትም ሰው በስም ይታወቅ። ሳምንቱን ተቆልፎ የሚውለው አዳራሽ በአንድ የሥራ ቀን ለአረጋውያን ይከፈት፤ ቡና ይፈላ፤ መኪና ያለው ይመላለስ። በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ለማስተርጎም ቋንቋ የሚያውቁ ወጣቶች ተራ ይግቡ። ሕፃናቱ በሰንበት ትምህርት ቤት የሰሙትን በምግብ ማደያው ቆመው በእጃቸው ያድርጉት።

ለመጀመር የሚመቸው ጊዜም በቀን መቁጠሪያው ላይ ተጽፎ አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ሃምሳ ቀናት ጾምና ስግደት የሌለባቸው የትንሣኤ ቀናት ናቸው። ለ55 ቀን ጾመው ያስፈሰኩ ምዕመናን እነዚህን ሃምሳ ቀናት በየቤታቸው ዶሮና ጠላ ከብበው ብቻ አይጨርሷቸው። እያንዳንዱ አጥቢያ በመጪው በዓለ ሃምሳ ከበሩ ውጭ ያለ አንድ ሰው ይፈልግ፤ ስሙን ይጠይቅ፤ በማዕዱ ያስቀምጠው። የአትላንታ ካህናትም ይህን ከመቅደሱ አገልግሎት ለይተው ለበጎ ፈቃደኞች ብቻ እንዳይተዉት ይለመናሉ።